ወደ ውጭ አገር የሄደ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋራ ስለሚገናኝበት ነገር

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፥ መርሳ ሳይደርስ ውርጌሳ የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ውርጌሳ በሀብሩ ወረዳ ውስጥ በመኪና መንገድ ግራና ቀኝ የተሠራች ከተማ ናት፤ ታላቅነቷም በሕንጻ አይደለም። ነገር ግን በዚህ አካባቢ ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ ቤተ ሰብ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፥ ተጓዥ ከቤቱ ጋራ እንዴት እንደሚገናኝ ለመጠየቅ ከውርጌሳ እናቶች የበለጠ ዐዋቂ አይገኝም ብለን እናምናለን።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን አብዛኞቻችሁ የምትጓዙት ለመንግሥት ጉዳይ፥ ለጉባኤ ወይም ለሕክምና ነው። የናንተ ችግር ምናልባት የኢንተርኔቱ ዋጋ ይሆናል። በሪያድ በሰው ቤት የምታገለግለው የውርጌሳ ልጅ ችግር ግን ከዋጋም ያለፈ ነው። ሆኖም ሁለቱም የሚነጋገሩበት መሣሪያ አንድ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን አሠራሩን እንገልጣለን።

በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው ሲም ካርድ የየትኛው ኩባንያ ደንበኛ እንደ ሆን የሚናገር መታወቂያ ነው። ያገራችንን ሲም እንደ ያዝን ሪያድ ወይም ሮማ ስንወርድ፥ የዚያ አገር የስልክ ኩባንያ መታወቂያችንን አይቶ ያገራችንን ኩባንያ ይጠይቃል፤ «ደንበኛዬ ነውና አስተናግደው» የሚል መልስ ሲመጣለት መስመሩን ይከፍትልናል። ይህን ሮሚንግ ይሉታል። የውጭው ኩባንያ ዋጋውን ካገራችን ኩባንያ ይቀበላል፤ ያገራችን ኩባንያም መልሶ ከኛ ይቀበላል። በዚህም ላይ ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ከቆምንበት አገር በቀጥታ አይወጣም፤ ወዳገር ቤት ተመልሶ መጥቶ ከዚያ ወደ ዓለም ይወጣል እንጂ። በሪያድ ተቀምጦ የሪያድን ወሬ በስልኩ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ፥ ያ ወሬ አዲስ አበባን ዞሮ እንደ መጣለት አይጠረጥርም። ዋጋው የሚወሰነው በኩባንያዎቹ መካከል ባለው ውል ስለ ሆነ፥ ካገር አገር እጅግ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሰኔ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ተጨማሪውን ዋጋ በመካከላቸው አንሥተዋል፤ ይህ ግን የነሱን ሲም ለያዘ እንጂ ያገራችንን ሲም ይዞ ለሚሄድ አይደለም።

የውል ነገር ከተነሣ፥ የውርጌሳ ጎረቤት ውጫሌ ትዝ ይለናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ በተፈረመው ውል 17ኛው ክፍል፥ ያማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች ነገሥታት ጋራ ለመላላክ በኢጣልያ መንግሥት እርዳታ ሊጠቀሙ ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን የግድ በኢጣልያ በኩል እንዲሆን አድርጎ ተጽፎ ተገኘ። ያ ነገር እስከ ዐድዋ አደረሰ። የስልክ ውል እንዲህ ያለ ጦር አያስነሣም፤ ነገር ግን በሌላ ሰው መስመር የሚላላክ ሰው «ይቻላል» እና «ግድ ነው» የሚሉትን ቃላት ሳይለይ ቢሄድ ሊጎዳ እንደሚችል ከኛ አንዱ በራሱ አይቶታል። ይህ ሰው የዳታ ሮሚንጉን ሳይዘጋ ከአይሮፕላን ወረደ። እሱ ሻንጣውን ሲጠብቅ ስልኩ በገዛ ራሱ ፎቶግራፎቹን ወደ ማኅደር ይልክ፥ ፕሮግራሞቹንም ያድስ ጀመር። «ደኅና ገባሁ» ለማለት በፈለገ ጊዜ የሞላው ሒሳብ ሁሉ አልቆ አገኘው። ባለቤቱም ሌሊቱን ሳትተኛ ዐደረች።

እንግዲህ ተጓዡ ካገሩ ሳይነሣ የዳታ ሮሚንጉን ይዝጋ፤ በሮሚንግ ሊጠቀም ቢፈልግ ግን ለሚሄድበት አገር የሚሆነውን ጥቅልና ዋጋውን አስቀድሞ ጠይቆ ይግዛ። ብዙ ቀን የሚቀመጥ ከሆነ ያገሩን ሲም በፓስፖርቱ አስመዝግቦ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በዛሬው ዘመን ኢሲም የሚባልም አለ፤ ይኸውም ካርዱ ሳይኖር በስልኩ ውስጥ የሚጻፍ ሲም ነው፤ ሁሉ ስልክ ግን አይቀበለውም። የውጭ ሲም አስገባሁ ብሎ ያገሩን ሲም የሚጥል ሰው ግን ተሳስቷል። ባንኩ የምሥጢር ቍጥሩን የሚልክለት በዚያ ነውና፥ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ቢኖረው ይሻለዋል። በዋትስአፕም ቍጥርህን ልቀይር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እንቢ ቢል፥ ወዳጆቹ በቀድሞው ቍጥር ያገኙታል። በሆቴል ዋይፋይ ወሬ መጠየቅ ደግ ነው፤ የባንክ ጉዳይ መፈጸም ግን አይገባም። ፊት ለፊት እየተያዩ አንድ ሰዓት መነጋገር ብዙ መቶ ሜጋባይት ይበላል፤ በድምፅ ብቻ ሲሆን እጅግ ያነሰ ነው።

ያገሩንም ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች በዋትስአፕ መጻጻፍ ሲፈቀድ፥ በድምፅና በምስል መነጋገር ተዘግቷል፤ የሚሠራው ፈቃድ ባገኙ ፕሮግራሞች ነው። ሳዑዲ ዐረቢያም እንዲሁ ስትከለክል ኖራ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ፈቅዳለች። ዱባይ ገብቶ «ልጄ ስልክ አታነሣም» ብሎ የሚቈጣ አባት ይህን ቢያውቅ ቍጣው ይበርድለት ነበር።

ወደ ውርጌሳ እንመለስ። አንዲት እናት ልጃቸው በሪያድ ትሠራለች። ማንበብ ስለማያውቁ ኢሞ በሚባለው ፕሮግራም የልጃቸውን ፎቶግራፍ አይተው ይጫናሉ፤ ልጅቱም የአሠሪዎቿ ቤት ዋይፋይ ሲፈቀድላት በማታ ትመልሳለች። የሳዑዲ ሰዓትና የኛ አንድ ስለ ሆነ በሰዓት አይሳሳቱም፤ ከዋሽንግተን ጋራ የሚነጋገር ግን በኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በነሱ የብርድ ወራት ገና ቀትር መሆኑን ማስላት አለበት። ልጅቱ እንደ ሄደች ለብዙ ሳምንታት የራሷ ሲም አልነበራትም። እናትየዋም በነዚያ ሳምንታት ስልኩን ከራስጌያቸው አላራቁትም ነበር።

እኒህ እናት ከስልኩ ሌላ አንድ ቍራጭ ወረቀት በሣጥን ያኖራሉ። የጎረቤት ልጅ በጻፈላቸው በዚህ ወረቀት ላይ የልጃቸው የስልክ ቍጥር፥ በዚያው ከተማ የምትኖር ያገር ልጅ ቍጥር፥ ልጅቱን የላከው ኤጀንሲ ቍጥርም አለ። ስልኩ ሁሉን ይይዝ የለም ወይ ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ኢሞው ሲጠፋ ፊቷም አብሮ ይጠፋል፤ ቍጥሩ ግን ከወረቀቱ የት ይሄዳል?» አሉን።

ይህን የተማሩት በመከራ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ፥ በውጭ ያሉ ልጆች ወላጆቻቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ወራት አለፉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ባማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚህ በኋለኛው ጊዜ የድምፅ ስልክ በሚሠራበት ስፍራ በቍጥር መደወል ይቻል ነበር፤ ዋጋው ግን ከኢሞ ጋራ አይወዳደርም። የልጁን ፊት እንጂ ቍጥሩን ያልያዘ ወላጅ ግን ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ድረስ ዝም ብሎ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። እንዲህ ያለው ወላጅ በውርጌሳ ብቻ ያለ እንዳይመስለን። በታላላቆቹ ቤቶችም ዛሬ የልጁን የውጭ አገር ቍጥር በቃሉ የሚያውቅ አባት ስንት ነው? እኛ ራሳችን ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ብንፈተን የአንድም ሰው ቍጥር በቃላችን አላገኘንም።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን ከልክሎ፥ በ2010 ዓ.ም. እንደገና እስኪፈቅድ ድረስ ብዙዎች በስውር በጂቡቲና በየመን በኩል ሄደዋል። በዚያ መንገድ ስልክ አለኝ ማለት ከንቱ ነው፤ በደላላ እጅ የወደቀ ሰው የሚደውለው ባስደወሉት ጊዜ ነውና። በሕግ የሚሄደውም ቢሆን፥ ከመሄዱ በፊት በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚደውል፥ ቢዘገይ ወላጅ መጀመሪያ ማንን እንደሚጠይቅ ተነጋግሮ ይለይ። የኤምባሲውም ቍጥር በወረቀቱ ላይ ይግባ፤ በእኒህ እናት ወረቀት ላይ አልነበረምና እኛ ጻፍንላቸው።

ያን ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጠራ። ልጅቱ ከእናቷ ፊት አስቀድሞ በቅርቡ የወለደችውን ላም ማየት ስለ ፈለገች፥ ወንድሟ ስልኩን ይዞ ወደ በረቱ ወጣ። ጥጃው ገና ሲታይ ምስሉ ቆመ፤ የተገዛው ዳታ አልቆ ነበር። እናትየዋ ሳይደነግጡ ወደ ቤት ተመልሰው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ በተራው መስመር ጠራ። ውድ ስለ ሆነ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። «አብሽሪ እማዬ፥ ደኅና ነኝ፤ ጥጃው ወንድ ነው ሴት?» ስትል ሰማናት። «ሴት ናት» አሏት፤ መስመሩም ተዘጋ።