አዲስ የተወለደ ሕፃን ለምን ቢጫ ይሆናል? መልሱ ደሙ ውስጥ ነው

ጎንደርም ሆነ ደባርቅ አራስ ጥየቃ ስትሄዱ "ልጁ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ፀሐይ አሙቁት" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። አንዳንዴ ግን ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ከደሙ እንነሳ።

ፅንስ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ ደም ነው፤ የሚደርሰውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሰውነቱ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቀይ የደም ሴል በብዛት ያመርታል፤ ደግሞም ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ የፅንስ ሄሞግሎቢን ይጠቀማል።

ተወልዶ ሲያለቅስ ሳንባው አየር ይሞላል፤ ኦክስጅን እንደ ልብ ይሆናል። ያ ሁሉ ቀይ ሴል አሁን ትርፍ ነው። የአዋቂ ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ የጨቅላ ግን ከዚያ ያጠረ ነው። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበቱ ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይጀምርና በ2 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የፅንሱ ሄሞግሎቢን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀስ በቀስ በአዋቂው ይተካል።

"የደጋ ልጅ ስለሆነ ነው" የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፣ ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይለይ አግኝቷል። ጥናቱ ግን ስለ ጨቅላዎች አይደለም። ስለዚህ ቢጫነትን "ደጋው ነው" ብለን አንለፈው።

እነዚህን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ውሰዱት፦

🔴 በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ
🔴 ቢጫነቱ መዳፍና ውስጥ እግሩ ከደረሰ
🔴 ጡት እንቢ ካለ፣ ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ
🔴 ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ

ቆዳው ጠየም ካለ የዓይኑን ነጭና ድዱን በቀን ብርሃን እዩ።

ቢሊሩቢን ሲበዛ ወደ አንጎል ይገባል፤ መስማት ሊያሳጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በልዩ ሰማያዊ ብርሃን ይታከማል። የጠዋት ፀሐይ የዚህ ምትክ አይሆንም፤ የባህል መድኃኒትም እንደዚያው። ጡት ቶሎ ቶሎ ማጥባት ግን ቢሊሩቢኑ በሰገራ እንዲወጣ ይረዳል።

ነፍሰ ጡር ወይም አራስ የሆነች እህት፣ ጎረቤት አለቻችሁ? ዛሬውኑ ላኩላት።