ሃይድሮጅን የሚያስወጣው ድንጋይ

በራያ ቆቦ፣ በጎብዬና በሮቢት ዙሪያ ያሉት፣ ክረምት ብቻ የሚሞሉት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ጥቁር ድንጋይ ያግዛሉ። ድንጋዩን ሰብሮ ያየ ሰው ሽምብራ የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች ውስጡ ተሰግስገው ያገኛል። ይህን ጥቁር ድንጋይ በአሸንጌ ሐይቅ ስም የጠራው፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘለቀው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተወውን ቀዳዳ፣ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ያለፈ ውሃ በማዕድናት ሞላው። ከማዕድናቱ አንዱ ዜኦላይት ነው። ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ኦክስጅን በሥርዓት ተጋጥመው፣ መሃላቸው ባዶ መተላለፊያ ሲተዉ ዜኦላይት ይባላል፤ በቃ።

አንድ ልጅ ከወንዝ ዳር የሰበረውን ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጨው ነው ወይስ ኖራ?» ብሎኝ ያውቃል። አንስቶ ሊልሰው ሲል ነው የከለከልኩት። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ኖራ የሚገኝበት ካልሳይት ነው፤ ዝም ካለ ዜኦላይት የመሆን ዕድል አለው። ወቅጦ አቧራውን መማግ ግን ነውር ነው! ከዜኦላይቶች መካከል ኤሪዮናይት የተባለው እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። የእኛን አገር ዜኦላይት ከናቁት ሰዎች ጋር ግን አልስማማም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስፔን ተመራማሪዎች ስቲልባይት የተባለውን የኢትዮጵያ ዜኦላይት አሻሽለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ለማስወገድ እንደሚያገለግል በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ዛሬ የማወራው ስለ ሌላው ወንድሙ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በግፊት ድስት ስለሚበስለው ዜድኤስኤም-5። የሞቢል ኩባንያ ሰዎች የፓተንት መብቱን ያገኙት በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። የመተላለፊያው ስፋት ግማሽ ናኖሜትር ገደማ፣ ቤንዜን የሚባለውን ሞለኪውል ለማሳለፍ የሚበቃ ነው (የማደያውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም)። የቡታጋዙ ፕሮፔንና ቡቴን ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ሲያልፍበት ቤንዜን፣ ቶሉይንና ዛይሊን ሆኖ ይወጣል። ከዛይሊኑ የውሃ ፕላስቲኩም የፖሊስተር ሸሚዙም ይሠራል።

ሰው ሁሉ «ወንፊት ነው» ይላል። ይህቺ አባባል ትጎረብጠኛለች። ወንፊት ገለባውን ከፍሬው ይለያል እንጂ ገለባን ፍሬ አያደርግም። ዜኦላይቱ ትልልቁን ሞለኪውል ማገዱ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ቦታ ነው። እስቲ እንቁጠር። ፕሮፔን ሦስት ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን አለው። ሁለቱን ብናገጣጥም ስድስት ካርቦንና 16 ሃይድሮጅን ይሆናል። ቤንዜን ደግሞ ስድስት ካርቦን ቢኖረውም የሚፈልገው ስድስት ሃይድሮጅን ብቻ ነው። አሥሩ የት ይግቡ? ጥያቄው ሁሉ እዚህ ነው።

በዜኦላይቱ ውስጥ አሉሚኒየም ባለበት ሁሉ አሲድ የሆነ ፕሮቶን ይቀመጣል። አሲዱ ብቻውን ሲሠራ ሃይድሮጅኑን ለጎረቤት ኦሌፊን (ሃይድሮጅን ለጎደለው ሞለኪውል) ያሸክመዋል፤ ኦሌፊኑም ተመልሶ ፕሮፔን ወይም ኢቴን ይሆናል። አንድ የስድስት ካርቦን ቀለበት ቤንዜን ለመሆን ሦስት ኦሌፊኖችን ወደ ተራ ጋዝ ይመልሳል። ይህ ሸቀጥ ሳይሆን ኪሳራ ነው። ጋሊየም የተባለው ብረት ሲጨመር ግን ሃይድሮጅኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በጋዝ መልክ ይወጣሉ። ማንም ሳይሸከማቸው! የሚወጣው ሃይድሮጅንም ራሱን ችሎ ይሸጣል። ስለዚህ ብረቱ ጌጥ አይደለም፤ በር ከፋች ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን መገሠጽ ይገባኛል። ጋሊየሙ ይጠቅማል ሲባል እፍኝ ሙሉ የሚደፋ አለ። ብረቱ ከበዛ መተላለፊያው ይደፈናል፣ አሲዱም ይተካል፤ ቀለበቱን የሚዘጋው ደግሞ አሲዱ ነው። አምጥተው ላዩ ላይ የለጠፉት የጋሊየም ኦክሳይድም በሃይድሮጅን ሲሞቅ ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። ናሙናውን ክፍት ትቶ መሄድም ያው ጥፋት ነው፤ አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲጠጣ ያድራል። ንጹሕ ጋሊየም ደግሞ በ29.8 ዲግሪ ይቀልጣል። ቆቦ ላይ ግንቦት ላይ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጠው ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ቢፒና ዩኦፒ የተባሉት ኩባንያዎች ሳይክላር ብለው የሰየሙት ሂደት በጋሊየም የሚሠራ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ያንቡ ላይ ፋብሪካ ተሠርቶለታል፤ ከራያ ስንቱ ወጣት የሳዑዲን ስም ያውቀዋል፣ ይህን ግን ማን ነግሮት! እንደ ጋሊየሙ ዜኦላይት ያለ፣ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ካታሊስት ይባላል። «ካታሊስት አያልቅም» የሚሉም ያንቡን ቢያዩት ጥሩ ነበር። ጥቀርሻ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ካታሊስቱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ወጥቶ ጥቀርሻው በአየር ይቃጠልለትና ተመልሶ ይገባል። በጋሊየም ምትክ ሊገባ የሚችለው ዚንክ ርካሽ ቢሆንም በዚያ ሙቀት ቀስ በቀስ ተኖ ይጠፋል፤ ፕላቲኒየም ውድ ነው።

የኦጋዴን ጋዝ በዚህ ይሠራ ይሆን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እዚያ ያለው የካሉብ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሚቴንን ደግሞ ጋሊየም ብቻውን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም። በ1993 እ.ኤ.አ. የዳልያን ቻይናውያን ሞሊብዲነምን በዜድኤስኤም-5 ላይ አኑረው ሚቴንን ወደ ቤንዜን ቀየሩ። ሙቀቱ 700 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚያም ሙቀት የተፈጥሮ ሕግ እንዲለወጥ የሚፈቅደው ከሚቴኑ ከመቶ 12 ገደማ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው አሁንም ሃይድሮጅኑ ነው፤ ካልወጣ ሥራው ይቆማል። በ2016 እ.ኤ.አ. የኖርዌይና የስፔን ተመራማሪዎች ከካታሊስቱ ጎን ሃይድሮጅንን እየለየ የሚያወጣ የሴራሚክ ሜምብሬን አቁመው፣ የቤንዜኑን መጠን ከፍ ማድረግ ችለዋል።