የባቡር ሠራተኞች አድማ በተሳፋሪዎች ላይ ያስከተለው ጫናና የክርክሩ አፈታት

የባቡር ሠራተኞች ሥራ በሚያቆሙበት ጊዜ ጉዳቱ በቅድሚያ የሚደርሰው በክርክሩ ድርሻ በሌለው ተሳፋሪ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 በብሪታንያ የተካሄዱት ተከታታይ አድማዎች ይህንኑ ያመለክታሉ።

አድማው የተጀመረው ጁን 21 ቀን 2022 ሲሆን፣ 40 ሺህ ያህል የሀዲድ፣ የምልክት መቆጣጠሪያና የባቡር ሠራተኞች ተሳትፈውበታል። ለክርክሩ መነሻ የሆኑት የቀረበው የደመወዝ ጭማሪ ከዋጋ ንረቱ ማነሱና የሥራ ቅነሳ ስጋት ናቸው። የዋጋ ንረቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር 11 ነጥብ 1 በመቶ ደርሶ ነበር።

በአድማው ዕለት ከአምስት ባቡሮች አንዱ ብቻ ተንቀሳቅሷል። አገልግሎቱም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ተወስኗል። የምልክት መቆጣጠሪያ ሠራተኞች የሌሊት ፈረቃ ባለመግባታቸው በማግስቱም ባቡሮች በሰዓታቸው ሊነሱ አልቻሉም። በዚህም በቤታቸው ሆነው መሥራት የማይችሉ የሆስፒታል ሠራተኞች፣ በሰዓት የሚከፈላቸው ተቀጣሪዎችና ፈተና ላይ የነበሩ ተማሪዎች ይበልጥ ተቸግረዋል።

መንግሥት በ2023 በአድማ ቀናት 40 በመቶ የባቡር አገልግሎት እንዲቀርብ ለማስገደድ የሚያስችል ሕግ ቢያወጣም፣ አንድም የባቡር ኩባንያ ሥራ ላይ ሳያውለው በ2025 በወጣ ሌላ ሕግ ተሽሯል። ክርክሩ እልባት ያገኘው በድርድር ነው። የሀዲድ ሠራተኞች በማርች 2023 የተሻሻለውን የደመወዝ ሐሳብ በድምፅ ተቀበሉ። የባቡር ነጂዎች ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 በሦስት ዓመታት የሚሰላ 15 በመቶ ጭማሪ ተቀብለው ከሁለት ዓመት በላይ የዘለቀውን ክርክር ቋጩ። የወቅቱ የባቡር ጉዳዮች ሚኒስትር ሂዩ ሜሪማን በጃንዋሪ 2023 ለፓርላማ ኮሚቴ በሰጡት ቃል አድማው ያስከተለው ወጪ ክርክሩን በስምምነት ለመቋጨት ይጠይቅ ከነበረው እንደሚበልጥ አምነዋል።

በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኞች ሥራ ከማቆማቸው 10 ቀናት በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡና ወገኖቹ አለመግባባቱን በስምምነት ለመፍታት ጥረት እንዲያደርጉ ይደነግጋል። ይህ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ተሳፋሪው አማራጭ መጓጓዣ እንዲፈልግ፣ አሠሪና ሠራተኛም ጉዳት ሳይደርስ ለውይይት እንዲቀመጡ ዕድል ይሰጣል።