ሣጥኑ ሲጣል ጽሑፉ የት ይገኛል?

ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር በከባድ ተሽከርካሪ የሚጓጓዘውን የብረት ሣጥን፣ ማለትም ኮንቴይነርን፣ የማያውቅ አይኖርም። በውስጡ ጨርቅም ይጫን መድኃኒት፣ ለመርከቡም ሆነ ለተሽከርካሪው አያያዙ አንድ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ሶፍትዌርን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድነት የማሸግን ዘዴ በዚሁ ስም ይጠሩታል። የዘዴውን ጥቅምም አደጋም የተረዳሁት ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት የፊዚክስ ማስታወሻ ድረ ገጽ ነው።

ድረ ገጹ ቋሚ ከሚባለው ወገን ነበር። በሌላው ዓይነት፣ አንባቢ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ከመረጃ ቋት እየጠየቀ ገጹን ያሰናዳል። በቋሚው ግን ገጾቹ አስቀድመው ተሠርተው በፋይልነት ስለሚቀመጡ፣ የሰርቨሩ ሥራ የተዘጋጀውን ማቀበል ብቻ ነው፤ በመሆኑም አነስተኛ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል ሠርቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያቀረበው የመጀመሪያው ድረ ገጽም የዚሁ ዓይነት ነበር። ዛሬ ጸሐፊው ጽሑፉን በይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ያስገባል፤ እንደ ሁጎ ያለ ፕሮግራም ደግሞ ወደ ገጽ ይለውጠዋል።

ችግሩ በአንዱ ኮምፒውተር የሠራው ፕሮግራም በሌላው እምቢ ማለቱ ነው። በአንድ ቤተ ሙከራ ብቻ የሚሳካ ሙከራ በፊዚክስ ተአማኒነት የለውም፤ ኮንቴይነር ግን የሙከራውን ሁኔታዎች ይዞ ይጓዛል። የሊኑክስን ከርነል ከሌሎች ጋር ስለሚጋራ እንደ ሙሉ ኮምፒውተር አይከብድም። ከርነሉ ኮንቴይነሩ ምን እንደሚያይና ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚጠቀም ይወስንለታል። ይህ የመጠን ገደብ በሊኑክስ የተካተተው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶከር አሠራሩን ለብዙዎች አቃልሏል።

እኔ ግን የሴሚስተሩን ማስታወሻ በሙሉ እዚያው ኮንቴይነሩ ውስጥ እጽፍ ነበር። ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው ሶፍትዌሩን ለማደስ አሮጌውን ኮንቴይነር አጥፍቼ አዲስ አስነሣሁ። ድረ ገጹ ተከፈተ፤ ማስታወሻው ግን አልነበረም። ለካስ በኮንቴይነር ውስጥ የሚጻፍ ነገር የሚያርፈው ከኮንቴይነሩ ጋር አብሮ በሚጠፋ ስስ ንብርብር ላይ ኖሯል! መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ጽሑፉን ቮልዩም በሚባል፣ ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ማኅደር ማኖርና ሌላ ቅጂ በሌላ ሥፍራ ማስቀመጥ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ያዳነኝ አንድ ተማሪ ነው። በሰፈሩ ኢንተርኔት ስለማይገኝ ገጾቹን ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ ወስዶ ነበር። ገጾቹ ቋሚ ፋይሎች በመሆናቸው ያለ ሰርቨርና ያለ መረጃ ቋት በቤቱ ኮምፒውተር ይከፈቱለት ነበር። ከእርሱ ፍላሽ መልሰን ቀዳን፤ ተማሪዎቹም ለፈተናው ደረሱ።

እንግዲህ ድረ ገጽ ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች፣ ሥራችሁን በሙከራ ፈትኑት። ቅጂ ካስቀመጣችሁ በኋላ ኮንቴይነሩን ሆን ብላችሁ አጥፉና እንደገና አስነሡት። ጽሑፋችሁ ካለ አሠራራችሁ ትክክል ነው፤ ከሌለም ጉድለቱን ከፈተና ሳምንት በፊት ዐወቃችሁት ማለት ነው።