ፎረም ሲተከል የሚወሰኑ ነገሮች

ፒኤችፒቢቢ በተባለው ሶፍትዌር አዲስ በተተከለ ፎረም ላይ መቶ ሰው ስለ ጤፍ ተወያይቷል እንበል። ዘሩ፣ በሽታው፣ አረሙ፣ ዋጋው፣ ሁሉም ተጽፏል። ከዚያ አንድ አዲስ አባል መጥቶ የፍለጋው ሳጥን ውስጥ «ጤፍ» ብሎ ቢጽፍ ፎረሙ ምንም አያወጣለትም። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አይደለም። ይዞት የመጣው የፍለጋ ቅንብር ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል ወደ ማውጫው አያስገባም፤ ጤፍ ደግሞ ሁለት ፊደል ነው። ቡናም፣ ማርም፣ ውሃም፣ በግም እንደዚያው። በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ያላቸው ቃላት በአብዛኛው መስተዋድድና የመሳሰሉት በመሆናቸው ከማውጫው ቢቀሩ ማንም አይጎዳም። በአማርኛ ግን የገበያው ግማሽ በሁለት ፊደል ይጠራል። አድሚኑ ወደ ፍለጋ ቅንብሩ ገብቶ 3 ቁጥርን ወደ 2 ዝቅ ካላደረገና ማውጫው እንደገና እንዲሠራ ካላዘዘ፣ ያ ሁሉ ጽሑፍ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፎረም ማለት አንዱ ርዕስ የሚከፍትበት፣ ሌሎች ከሥሩ መልስ የሚጽፉበት፣ የተጻፈውም ስምና ቀን ይዞ ለዓመታት የሚቀመጥበት የድረ ገጽ ክፍል ነው። ከቴሌግራም ግሩፕ የሚለየው በዚሁ በመቀመጡ ነው። ግሩፕ ውስጥ ጠዋት የተሰጠ ጥሩ መልስ እስከ ማታ በሰላምታና በፎቶ ይሸፈናል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ ያነሳል፤ መልሱን የሚያውቀውም ሰው መደጋገሙ ሰልችቶት ዝም ይላል። ፎረም ላይ ያ መልስ የራሱ አድራሻ አለው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጉግል ላይ የሚፈልግ፣ አባል እንኳ ያልሆነ ሰው ያገኘዋል። ይህ ጥቅም ግን ሶፍትዌሩን በመጫን ብቻ አይገኝም። ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚሰርዝ የሚወሰነው አንድም አባል ሳይመዘገብ በቅንብር ገጾች ላይ ነው። አድሚኑ ሳይወስን ያለፈውን ሁሉ ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ቀድመው ወስነውለታል።

ነገሩ ከጥንስሱም እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። ተጠቃሚዎቹ የገጠማቸውን ችግር የሚጽፉት ለሁሉም ክፍት በሆነ አንድ ፋይል ላይ ሲሆን፣ ማንም የሌላውን ጽሑፍ ማጥፋትም ሆነ በፈለገው ስም መፈረም ይችል ነበር። ዴቪድ ዉሊ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ይህን ለማስቀረት ኖትስ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ማስታወሻ ላይ የጸሐፊው መለያና ቀኑ በራሱ ይሰፍር ጀመር። ከአንድ ማስታወሻ ሥር እስከ 63 መልስ መጻፍ ተቻለ። ቦታውም ለማስታወቂያ፣ ለእርዳታና ለጠቅላላ ጉዳይ ተከፋፈለ። የዛሬዎቹ ፎረሞች አጥንት ይኸው ነው፤ የተወለደውም አንዱ የሌላውን ቃል እንዳያጠፋ ሲባል ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1978፣ ቺካጎን የበረዶ ማዕበል ዘጋት። ዋርድ ክሪስቴንሰንና ራንዲ ሱስ በዚያ ሰሞን በስልክ እየተደወለ የሚነበብና የሚጻፍበት ሰሌዳ መሥራት ጀመሩ፤ ሲቢቢኤስ ተባለ፤ በፌብሩዋሪ 16 ሥራ ጀመረ። የስልክ መስመሩ አንድ ብቻ ስለነበር በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ ሌላው መስመሩ እስኪለቀቅ ደጋግሞ ይደውላል። በ1984 ደግሞ ቶም ጄኒንግስ የዚህ ዓይነት ሰሌዳዎች የስልክ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊት እርስ በርስ እየተደዋወሉ መልእክት የሚለዋወጡበትን ፊዶኔት ፈጠረ። ይህ ነገር አዲስ አበባም ደርሷል። ኢትዮጵያ በ1997 ከኢንተርኔት ጋር ከመገናኘቷ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት በኩል ኢሜይል ይልክና ይቀበል ነበር። የፎረም ቅድመ አያት ወደ አገሩ የገባው ከኢንተርኔቱ ቀድሞ ነው።

ዛሬ ፎረም መክፈት የሚፈልግ ሰው ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅበትም። ጄምስ አትኪንሰን በ2000 ለራሱ ድረ ገጽ ብሎ የጀመረው ፒኤችፒቢቢ በነጻ ይገኛል፤ ርካሽ በሆነ የጋራ ሆስቲንግ ላይም ይሠራል። ጄፍ አትዉድ፣ ሮቢን ዋርድና ሳም ሳፍሮን በ2013 ይፋ ያደረጉት ዲስኮርስም ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ የራሱ ሰርቨርና ቢያንስ 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ግን ይጠይቃል። ስልክ ላይ የሚያምረውና አዲስ ሰው የማያደናግረው ዲስኮርስ ነው። አቅሟ ትንሽ የሆነች ማኅበር ግን በፒኤችፒቢቢ ብትጀምር ምንም አይቀርባትም።

ሲተከል ብዙ ሰው የሚሰናከለው በኢሜይል ነው። ፎረሙ አዲስ አባል እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው፣ የጠፋ የይለፍ ቃል የሚመልሰው፣ «ለጥያቄህ መልስ መጥቷል» ብሎ የሚያስታውሰው በኢሜይል ነው። ለዚህ ነው የዲስኮርስ መጫኛ ገና ሲጀምር ከዶሜይኑ ስምና ከአድሚኑ አድራሻ ቀጥሎ የኢሜይል ላኪውን ሰርቨር የሚጠይቀው። ብዙ ሰርቨር አከራዮች ስፓም በመፍራት በር 25ን ይዘጋሉ፤ ስለዚህ በር 587ን የሚጠቀም የኢሜይል አገልግሎት መያዝ ያስፈልጋል። ኤስፒኤፍና ዲኪም የተባሉት መዝገቦችም በዶሜይኑ ላይ መሞላት አለባቸው። እነዚህ መዝገቦች «ይህ ኢሜይል በእርግጥ ከእኛ ነው የወጣው» የሚል ማረጋገጫ ናቸው። ካልተሞሉ የማረጋገጫው ኢሜይል ስፓም ውስጥ ይወድቃል፤ ተመዝጋቢው አንድ ቀን ጠብቆ ይሄዳል፤ አድሚኑም ሰው ያልመጣው ፍላጎት ስለሌለ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ዛሬ የትኛውም ፎረም አማርኛን ያለ ችግር ያሳያል። ዳታቤዙ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ «ዩቲኤፍ8» ተብሎ የቆየው አቀማመጥ ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይሰጥም። ለአማርኛ ይበቃል። በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ ለገቡት የጉራጌ ፊደላት ግን አይበቃም፤ እነሱ 4 ባይት ይወስዳሉ። አቀማመጡን ከመነሻው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ማድረግ ይቀላል። አንድ ሰው በቋንቋው ሊጽፍ መጥቶ ፊደሉ ከተቆረጠበት በኋላ ማስተካከሉ ግን የብዙ ቀን ሥራ ይሆናል።

ሞክሼ ፊደላትም አሉ። «ሥራ» ብሎ የሚፈልግ «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ፀሐይም በአራት በአምስት ዓይነት ትጻፋለች። አንዱን አጻጻፍ ትክክል ነው ብሎ አባላትን በየጽሑፋቸው ማረም ውይይቱን ይገድላል። የተሻለው መንገድ በርዕሶቹ ላይ የሚለጠፉትን መለያ ቃላት አድሚኑ ራሱ አስቀድሞ ማዘጋጀቱ ነው። ዲስኮርስ ለአንድ መለያ ቃል አቻዎቹን ማስመዝገብ ስለሚፈቅድ፣ ሰው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ወደ አንዱ ያደርሰዋል። በዚያው አጋጣሚ የርዕስ ርዝመትንም ማየት ይገባል። ዲስኮርስ ከ15 ፊደል ያነሰ ርዕስ አይቀበልም፤ «የቡና በሽታ» ክፍተቱ ተቆጥሮ እንኳ 7 ብቻ ነው። ለቻይንኛና ለጃፓንኛ ሠሪዎቹ ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል። ለአማርኛ ዝቅ የሚያደርገው አድሚኑ ነው።

ፈቃድ አሰጣጡ ላይ ሁለቱ ሶፍትዌሮች የተለያየ እምነት አላቸው። ፒኤችፒቢቢ እያንዳንዱን ሥልጣን በሦስት መልስ ይቆጣጠራል፦ አዎ፣ አይ፣ በፍጹም። አባሉ በአንዱ ቡድን «አይ» ቢባልና በሌላው «አዎ» ቢባል አዎው ያሸንፋል። «በፍጹም» ከተባለ ግን ሌላ ምንም ነገር አይሽረውም። ይህን ያልተረዳ አድሚን አንድ አስቸጋሪ አባልን ለመግታት ብሎ ቡድኑን በሙሉ «በፍጹም» ይላል፤ ከወራት በኋላ አወያይ አድርጎ የሾመው ሰው አንድ ጽሑፍ ማረም ሲያቅተው ምክንያቱን ፈልጎ ያጣዋል። «በፍጹም»ን ለቅጣት ብቻ ማዋል ይበጃል።

ዲስኮርስ ሥልጣንን ከሹመት ይልቅ ከቆይታ ጋር ያያይዘዋል። አባላት ከ0 እስከ 4 ደረጃ አላቸው። አዲስ የመጣው 0 ላይ ነው፤ የግል መልእክት አይልክም፤ በአንድ ጽሑፍ ከ2 ሊንክ በላይ አያስገባም። ወደ 5 ርዕሶች ገብቶ 30 ጽሑፍ ካነበበና በጠቅላላው 10 ደቂቃ በንባብ ካሳለፈ ወደ 1 ያድጋል። ለ2ኛው ደረጃ 15 ቀን መመላለስ፣ 100 ጽሑፍ ማንበብ፣ ለሦስት ርዕሶች መልስ መስጠትና ሌሎችም መመዘኛዎች አሉ። 3ኛው ላይ የደረሰ የሌሎችን ርዕስ ማስተካከልና ወደ ትክክለኛው ክፍል ማዛወር ይችላል፤ መመላለሱን ካቆመ ግን ደረጃውን ያጣል። 4ኛውን የሚሰጠው አስተዳደሩ ብቻ ነው። የእድር ደንብ ያወቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ቀርቶ የማያውቅ፣ በለቅሶም በስብሰባም የሚታይ ሰው ቃሉ ይከበራል። በዚህ አሠራር ውስጥ ትልቁ ነገር ከመናገር በፊት ማንበብን መመዘኛ ማድረጉ ነው። በፎረም ታሪክ ውስጥ ከታሰቡት ሐሳቦች ሁሉ ይህ ከምርጦቹ አንዱ ነው።

ስፓም የማይቀር ነው። ፎረሙ በተከፈተ በቀናት ውስጥ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች እየተመዘገቡ የቁማርና የመድኃኒት ሊንክ መለጠፍ ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ቋንቋ ትልቅ ጥቅም አለው። ፒኤችፒቢቢ በምዝገባ ጊዜ አድሚኑ የሚያዘጋጀውን ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥያቄው በአማርኛ ሆኖ መልሱም በፊደል የሚጻፍ ከሆነ፣ ለዓለም ሁሉ ተብሎ የተሠራው ፕሮግራም በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። «ከመስከረም ቀጥሎ የሚመጣው ወር ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ለአባሉ የአንድ ቃል ሥራ ነው።

ከዚያ የባዶ ቤት ችግር ይመጣል። አድሚኖች በጉጉት 20 ክፍል ከፍተው ይጀምራሉ፤ እንግዳ ሲመጣ 18ቱ ባዶ ናቸው። ባዶ ክፍል ደግሞ ሰው የሸሸው ቦታ ይመስላል። ዲስኮርስ አዲስ ፎረምን በዝቅተኛ ጥንቃቄ የሚያስጀምረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አባላቱ 50 እስኪሞሉ ድረስ አዲስ ገቢው ቀጥታ 1ኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ሦስት ክፍል ይበቃል። ሰው ከመጋበዙ በፊት እውነተኛ ጥያቄዎችና በቂ መልሶች ቢቀመጡ፣ የመጀመሪያው እንግዳ ምን እንደሚጻፍና በምን አንደበት እንደሚጻፍ ከዚያ ይማራል።

የተተከለ ፎረም ተንከባካቢ ይፈልጋል። በዲሴምበር 2004 ሳንቲ የተባለ ትል ያልታደሱ የፒኤችፒቢቢ ፎረሞችን ጉግል ላይ እየፈለገ በሺዎች የሚቆጠሩትን አበላሸ፤ መድኃኒቱ ማለትም የታደሰው ቅጂ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። በማርች 2021 ደግሞ የኦቪኤች ኩባንያ ስትራስቡርግ ያለው የሰርቨር ሕንጻ ተቃጠለ፤ ባክአፓቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ዲስኮርስ ካልተነገረው በስተቀር ባክአፑን የሚያስቀምጠው በዚያው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው። ይህን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ከመክፈቻው ቀን በፊት መደረግ ያለበት ሥራ ነው።

በቴሌግራም ትልልቅ ግሩፖችን የያዛችሁ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ መካኒኮች፣ በውጭ አገር የስደተኛውን የወረቀት ጉዳይ የምታስረዱ ሁሉ፣ ግሩፑን ሳትዘጉ ከጎኑ ፎረም ክፈቱ። በግሩፑ ውስጥ የተደጋገሙትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ወደዚያ አዛውሩ፤ የሰዎችን ቃል ግን ሳታስፈቅዱ በስማቸው አታውጡ። የፍለጋውን ቁጥር ወደ 2 ዝቅ አድርጉ። የዶሜይኑንና የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲይዘው አድርጉ፤ አንዱ ቢታመም ወይም አገር ቢለቅ የዶሜይኑን ዓመታዊ ክፍያ የሚከፍል ሌላ ሰው ይኑር።