የከፈይ ሸረሪት፦ የሚባለውና የሆነው

በአውሮፓ፣ ሣሩ በሳሳበትና ፀሐይ በሚበረታበት ደረቅ ተዳፋት ላይ ሲጓዝ፣ ጀርባው ደም የመሰለ፣ በቅላቱም ላይ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ያሉበት፣ ቁመቱ አንድ ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ሸረሪት በእግሩ ሥር ሲሮጥ ያየ መንገደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው መርዝን ነው። ሊቃውንት ኤሬሱስ ብለው የመዘገቡት፣ ገላው በአጫጭርና ጥቅጥቅ ባለ ጸጉር ስለ ተሸፈነም የከፈይ ሸረሪት የሚባለው ይህ ፍጥረት፣ በመልኩ ብቻ እንዲህ ይፈረድበታል። ፍርሃቱ ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሜዲትራንያን ዳርቻ አውሮፓውያን መበለት ብለው የሰየሟት፣ ንክሻዋ በእርግጥ የሚያሰጋ ሸረሪት አለችና። ነገር ግን አስተውሎ ለተመለከተ ሰው የሁለቱ ቀለም የተገላቢጦሽ ነው፤ መበለቲቱ በሚያብለጨልጭ ጥቁር መደብ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያላት፣ እግሮቿም ረዣዥምና ቀጫጭን ሲሆኑ፣ የእኛው በቀይ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ እግሩም አጭርና ወፍራም፣ ነጭ ቀለበት የተደረገበት ነው። በጣት ቢጨብጡት ይነክስ ይሆናል፣ ያምማልም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ግን የለውም።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት፣ ቀዩን ብቻ የከፈይ ሸረሪት አድርጎ መቊጠር ነው። ቀዩ ተባዕቱ ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀይ የሚሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳውን ከገፈፈ በኋላ ነው። አንስቲቱ ግን ጥቁር ናት፣ ከተባዕቱም በእጅጉ ትገዝፋለች፣ ዕድሜዋንም ከሞላ ጎደል በጉድጓዷ ውስጥ ትፈጽማለች። ስለዚህ ቀይ ነገር ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ተባዕቱ ሚስት ፍለጋ ከሚወጣባቸው ጥቂት ሳምንታት በቀር፣ በሸረሪቶቹ ላይ ቆሞ እንኳ ምንም አላየሁም ብሎ ይመለሳል።

ሊቃውንቱም ራሳቸው ከመሳሳት አልዳኑም። ኤሬሱስ ኒጌር ወይም ኤሬሱስ ሲናቤሪኑስ እያሉ በአውሮፓ ያለውን ሁሉ ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ዝርያ ሲቈጥሩት ከቈዩ በኋላ፣ ቼካዊው ሚላን ርዤዛችና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በመካከለኛው አውሮፓ ያለው ሦስት መሆኑን አስረዱ፤ ይኸውም ኮላሪ፣ ሳንዳሊያቱስና ሞራቪኩስ ነው። እዚህ ላይ ከመልክ ይልቅ ወራቱ ጥሩ ምስክር ነው። በመካከለኛው አውሮፓ የሳንዳሊያቱስና የሞራቪኩስ ተባዕት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ሲዘዋወር፣ የኮላሪ ተባዕት ግን ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በመስከረም ይወጣል። በመስከረም የተገኘ ተባዕት፣ በኋለኞቹ እግሮቹም ላይ ቀይ ጸጉር ካለበት፣ ኮላሪ ነው ብሎ ማሰብ የሚያሳፍር አይደለም። በፎቶግራፍ ላይ አንዲትን ጥቁር አንስት አይቶ የዝርያዋን ስም በድፍረት መጥራት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጥንቆላ የሚቈጠር ነው።

ታዲያ አንስቲቱን የት እንፈልጋት? ዓይን ወደ ቊጥቋጦው ሳይሆን ወደ መሬት ይውረድ። በሣር ሥርና በድንጋይ አጠገብ፣ አሸዋ፣ የሽበት ፍርፋሪና የተበሉ ጥንዚዛዎች ጠንካራ ክንፍ የተለጠፈበት፣ ከጥቂት ሳንቲሜትር የማይበልጥ የድር ጣሪያ ይታያል፤ ከዳሩም ክሮች ወደ ዙሪያው ተዘርግተዋል። ከጣሪያው በታች፣ ግድግዳው በድር የተለበጠ፣ ወደ 10 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አለ። ድር ሁሉ ሙጫ አለው የሚባለውም በዚህ ቦታ ይፈርሳል፤ ይህች ሸረሪት ከሆዷ የሚወጣውን እጅግ ረቂቅ ክር በአራተኛው እግሯ ላይ ባለው ማበጠሪያ እያባዘተች ታወጣዋለችና፣ የጥንዚዛውን እግር ቈልፎ የሚይዘው ሙጫ ሳይሆን ይህ ባዘቶ ነው። ጣሪያውን በእንጨት መገልበጥ ግን አይገባም፤ ብዙ ወራት የተደከመበት ቤት ነውና።

አሁን ሰው ሁሉ በመጸየፍ ወደሚያወራው ነገር እንምጣ፤ ልጆቹ እናታቸውን ይበላሉ ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፣ ሐሰቱ በአተረጓጐሙ ላይ ነው። እናቲቱ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ እንቊላሏን በድር ከረጢት ጠቅልላ፣ ቀን ቀን ፀሐይ እንዲሞቀው ወደ ጉድጓዱ አፍ ታወጣዋለች፣ ማታ ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉም ከሆዷ እያመነዠገች በአፏ ትመግባቸዋለች፤ በዚህም ጊዜ የገዛ አካሏ ውስጥ ውስጡን ወደ ምግብነት ይለወጣል። በመጨረሻ ሥጋዋን ይመገባሉ፣ ክረምቱንም በእርሷ ጉድጓድ ተሰብስበው ያሳልፋሉ። እናቲቱ ሳትሸሽና ሳትከላከል የምትሰጠውን ነገር ግድያ ብሎ መጥራት፣ ሕግ ለተጻፈለት ለሰው የተሠራውን ቃል ሕግ በማያውቅ ፍጥረት ላይ መጫን ነው። (ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ፣ በአፍሪካና በእስያ ለሚኖሩት ዘመዶቿ ይስማማል፤ ከስቴጎዲፉስ ወገን የሆኑ አንዳንዶቹ በመቶ የሚቈጠሩ ሆነው በአንድ ጎጆ ይኖራሉ። የአውሮፓይቱ ግን ብቸኛ ናት።)

በብሪታንያ ደግሞ ይህች ሸረሪት ፈጽማ ጠፍታለች ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲታመን፣ በ1980 ገደማ በዶርሴት ተገኘች፤ በ1994 በተደረገ ቈጠራም የተገኙት 56 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በሕግ የተጠበቀች ናት። ልጆቹ ከእናታቸው ጉድጓድ ብዙ ስለማይርቁ፣ ሸረሪቷ አንድ ጊዜ የጠፋችበት ሜዳ በራሱ መልሶ አያገኛትም፤ ስለዚህ ጠባቂዎቹ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙሶችን በሽበትና በቊጥቋጦ ቅርንጫፍ ሞልተው፣ ሸረሪቶቹ በውስጣቸው ቤት እንዲሠሩ ካደረጉ በኋላ፣ በ2011 ጠርሙሶቹን በአርን የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ በመሬት ውስጥ ቀበሯቸው።