ኃይሉን የትኛው ጎማ ይሸከመው?

ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያዋን ኤም5 ለሕዝብ ሲያሳይ፣ መኪናዋ ለውጭ ተመልካች ከተራ የቤት መኪና ብዙም አትለይም ነበር። ኮፈኗ ሥር ግን 286 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተቀምጧል። ያ ሁሉ ጉልበት በካርዳን አልፎ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ይሄዳል። ኩባንያው ይህን አሠራር ከ30 ዓመት በላይ፣ ለአምስት ትውልድ ኤም5፣ ንክች አላደረገውም።

ምክንያት ነበረው። የፊት ጎማ እንዲሁም ሥራ በዝቶበታል፤ መኪናዋን ያዞራል፣ የፍሬኑንም አብዛኛውን ጫና ይችላል። ጎማ አስፋልት የሚይዝበት አቅም ደግሞ የተወሰነ ስለሆነ፣ ለመጎተት ያዋለው ሁሉ ከመታጠፊያው ላይ ይቀነሳል። የፊቱ እየመራ የኋላው ቢገፋ ግን መሪው ከሞተሩ ጉተታ ነጻ ይሆናል። ነዳጅ ሲረገጥ የመኪናው ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያጋድልም የሚገፉት ጎማዎች መሬቱን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ።

ጣጣው ኩርባ ላይ ነው። ሾፌሩ ገና መሪውን ሳያቃና ነዳጅ ቢያበዛ፣ የኋላ ጎማዎች መግፋቱንና መታጠፉን በአንድ ጊዜ መሸከም ያቅታቸዋል፤ ጅራቷ ወደ ውጭ ትሸሻለች። የለመደ ሰው መሪውን ወደ ሸሸችበት አቅጣጫ ይመልሳል፣ እግሩንም ቀስ ብሎ ያላላል። ያልለመደ ደንግጦ እግሩን በአንዴ ያነሳና መኪናዋ ትዞርበታለች። የአዲስ አበባን ሰማያዊ ላዳ ታክሲ በክረምት የነዳ ሰው ይህን ለማወቅ ጀርመን መሄድ አያስፈልገውም።

ጉልበቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ለለመደውም ከበደ። በ2011 የወጣችው ኤም5 560 የፈረስ ጉልበት ይዛ ከቆመችበት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 4.4 ሰከንድ ይፈጅባት ነበር። በ2017 የመጣችው ተተኪዋ ጉልበቷ የጨመረው በ40 ብቻ ነው፤ ጊዜዋ ግን ወደ 3.4 ወረደ፤ ዋናው ምክንያት አራቱም ጎማዎቿ መሥራታቸው ነበር። ይበልጥ ጥርት ያለ ማስረጃ የሚፈልግ በ2021 የተሸጠችውን ኤም3 ኮምፒቲሽን ይመልከት። ባለ 510 የፈረስ ጉልበት ሞተሩ ያው ነው፤ በኋላ ጎማ ብቻ 3.9፣ በአራቱም 3.5 ሰከንድ። ያውም ባለ አራቱ 50 ኪሎ ያህል ትከብዳለች።

አውዲ አራቱንም ጎማ የምታሠራውን ኳትሮን በ1980 ጄኔቫ ላይ ሲያቀርብ የብዙዎች ሐሳብ በረዶና ጭቃ ላይ ነበር፤ በዓመቱ ሚሼል ሙቶን በኳትሮ የሳን ሬሞን ራሊ ስታሸንፍ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዛሬ አራቱ ጎማ የሚያስፈልገው ለደረቅ አስፋልትም ነው።

ቢኤምደብሊው የኋላ ጎማ ወዳጆቹን ላለማስቀየም አንድ ዘዴ አበጀ። በ2017ቷ ኤም5 ካምቢዮ አጠገብ ያለው ባለ ብዙ ሳህን ፍሪሲዮን ኃይሉን ወደ ፊት የሚልከው የኋላዎቹ ሲያቅታቸው ነው። ሾፌሩ የመረጋጊያውን ሥርዓት ካጠፋ ደግሞ የፊቱን ጨርሶ ማላቀቅ ይችላል። መርሴዲስም በዚያው ሰሞን ለኢ63 ኤስ ተመሳሳይ ነገር ሰጠ። እኔ ይህን የማየው እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ብልህ እርቅ ነው።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። የ2024ቷ ኤም5 ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምራ 727 የፈረስ ጉልበትና 1,000 ኒውተን ሜትር ታወጣለች፤ ክብደቷ ግን 2,435 ኪሎ ነው፤ የ1985ቷ 1,400 ኪሎ ገደማ ነበረች። 100 ለመድረስ 3.5 ሰከንድ ይፈጅባታል። ጉልበቷ በ127 ጨምሮ ከ2017ቷ ትንሽ ዘገየች ማለት ነው። እዚህ ላይ የጎማ ቁጥር መልስ የለውም። በአሜሪካ ካዲላክ ሲቲ5-ቪ ብላክዊንግ እስካሁን 668 የፈረስ ጉልበቷን በኋላ ጎማ ብቻ፣ ለፈለገም ባለ ስድስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ይዛ መውጣቷን ስሰማ ልቤ ወደ እሷ ያደላል።

ኤሌክትሪክ ጨዋታውን ሌላ አድርጎታል። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ከኋላ አክስል ላይ በቀላሉ ይቀመጣል፤ ካርዳን አያስፈልግም። ስለዚህ አስገራሚ ነገር ሆነ፦ ፈጣኖቹ ሴዳኖች የኋላ ጎማን እየተዉ ሲሄዱ ተራው የቤተሰብ መኪና ወደ እሱ ተመለሰ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚታዩት ባለ አንድ ሞተር የቮልስዋገን አይዲ4 መኪኖች የሚገፉት ከኋላ ነው።

አራቱንም ለማሠራት ለሚፈልግ ሁለተኛ ሞተር ከፊት ይጨመራል። በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ ብረት የለም፤ ድርሻቸውን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። የሃዩንዳይ አዮኒክ 6 ኤን አሽከርካሪ የፊትና የኋላውን ድርሻ ራሱ ይመርጣል። ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕላድ ደግሞ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሦስት ሞተር አላት፤ ከኋላ ግራና ቀኙ የየራሱ ስላለው ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ይበልጥ ሊገፋ ይችላል።

የኋላ ጎማ ወዳጅን በኤሌክትሪክ ሴዳን የሚረታው ግን ፍሬኑ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሞተሩ ያለው ከኋላ ብቻ ከሆነ በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ ወደ ባትሪ መመለስ ከሚቻለው ጉልበት ብዙው በፍሬን ሸራ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የፊቱ ሞተር መኪናዋን ባያስሮጥ እንኳ ሲያቆማት ኤሌክትሪክ ያመርታል።